ሉክሰምበርግ የፈረደለት አባት

ባለቤቴ ኦቲሊያ ዳኛ ናት፤ እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከተማችን ትንሽ ስለሆነች እሷ የምትፈርድላቸውም የምትፈርድባቸውም ሰዎች ይዋል ይደር እንጂ እኔ ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው መቀመጣቸው አይቀርም። ስለዚህ ገና ስንጋባ ተስማማን፤ እሷ ስለ መዝገቦቿ አትነግረኝም፣ እኔም ስለ ሰው አፍ አልነግራትም። ይህን ለብዙ ዓመት ጠበቅነው። ያፈረስነው በፖያና ሞሪ ድልድይ ምክንያት ነው።

ፖያና ሞሪ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ያለች መንደር ናት። ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱና ፖስታ ቤቱ በወዲህኛው ማዶ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው የሚኖረው በወዲያኛው ነው። አሮጌውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ሲወስደው፣ ከአውሮፓ ኅብረት በመጣ ገንዘብ፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራላቸው። የሠራው ዶሪኔል ፕላቶን የሚባል ተቋራጭ ነው። ሲመረቅ ቄሱ ጠበል ረጩ፣ ሹማምንቱ ንግግር አደረጉ፣ ባለ ኮከቡ የአውሮፓ ባንዲራ ያለበት ሰማያዊ ሰሌዳ ተተከለ። በሦስተኛው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላበት ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ገመዱ ተበጠሰ።

በዚያን ሰዓት ድልድዩ ላይ የነበረችው ኢሊንካ ብቻ ናት። የመንደሩ ፖስታ አዳይ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ቦርሳዋን እንዳነገተች ብስክሌቷን እየገፋች ትሻገር ነበር። ሬሳዋን ከመንደሩ ታች፣ ወንዙ ከሚጠመዘዝበት አሸዋ ላይ አገኙት።

አባቷ ቶአደር ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ከልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። ሌላ ልጅ የላቸውም።

መርማሪዎቹ ገመዱን ሲለኩት በንድፉ ላይ ካለው የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። ገመዱ የታሰረበት ኮንክሪትም ከወንዙ ዳር በተዛቀ ጠጠር የተሞላ ነበር። ፕላቶን በሁለት ነገር ተከሰሰ፤ በሐሰት ሰነድ የአውሮፓን ገንዘብ በመብላትና በቸልተኝነት ሰው በመግደል። ክሱ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ነበር የሚሄደው። አንዷ ዳኛ ወለደች፣ ሌላው ወደ ዋና ከተማው ቡካሬስት ተዛወረ፣ አንዱ ባለሙያ የጻፈውን ሌላ ባለሙያ ይየው ተባለ። ከዚያ ኮሮና መጣና ፍርድ ቤቱ ተዘጋ። ፕላቶን በስተመጨረሻ ሲፈረድበት፣ የሰባት ዓመት እስር ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። ይግባኝ አለ። ይግባኙ የደረሰው ኦቲሊያና ቼዛር ወደሚሰየሙበት ችሎት ነው።

ቼዛር ከኦቲሊያ በዕድሜ ይበልጣል። ሚስቱ ጥላው ጣልያን ከገባች ወዲህ እሑድ እሑድ እኛ ጋ ነው የሚበላው። ቀልደኛ ነው፤ ፈሪም ነው። ፈሪነቱን ራሱ ነበር የሚቀልድበት።

አንድ የመከር ቅዳሜ ለበረዶው ወራት የምናስቀምጠውን ቃሪያና ባድሪጃን ጓሮ ውስጥ እየጠበስን ሳለ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ዜናው ስለ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ አንድ ውሳኔ አወራ። እኔ ልብ አላልኩትም። ኦቲሊያ ግን መላጫውን ቢላ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ቃሪያው እያረረ ነው እኮ» አልኳት።

«ይረር።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ይርጋ» አለች። ቢላውን አስቀመጠችና እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። «ሊቪ፣ ግማሹ መዝገቤ ሞተ።»

ያን ቀን ነው ስምምነታችንን የጣስነው። እንዳስረዳችኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ወንጀል ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ ይርጋ ይቆጠራል፤ ጊዜው ካለፈ ሰውየውን መቅጣት አይቻልም። ድሮ ግን ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ አንድ እርምጃ በወሰደ ቁጥር ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ይህን የሚለውን አንቀጽ፣ ድፍን ነው፣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅበትም ብሎ ሻረው። ፓርላማው ደግሞ በቦታው ሌላ ሳይተካ ዓመታት ዝም አለ። አሁን ፍርድ ቤቱ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቆጠራውን የሚያቋርጥ ሕግ ጭራሽ አልነበረም አለ። እንደዚያ ከሆነ የፕላቶን ጊዜ አልቋል ማለት ነው። የእሱ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ያለ ጉቦኛና አጭበርባሪ ሁሉ።

«ታዲያ ተሳስተዋል?» አልኳት።

«ክፋቱ እሱ ነው። አልተሳሳቱም። ሰው ሲያጠፋ ያልነበረ ሕግ ኋላ ተፈልጎ አይጫንበትም። እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ ይህን ጽፌ ነው ከፍተኛ ማዕረግ ያገኘሁት።»

ሳምንት ሳይሞላ የፕላቶን ጠበቃ ፕሌሽካ ክሊኒኬ መጣ። የመንጋጋ ጥርሱ ዓመቱን ሙሉ ሲያሠቃየው የኖረ ነው። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ማደንዘዣው እስኪይዘው ድረስ ጣሪያውን እያየ ፈገግ ይላል።

«ዶክተር፣ ዘንድሮ ከጥርሴ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

«አይ፣ እኔን ሳይሆን ሕገ መንግሥታችንን ነው። ሰላም በልልኝ ለባለቤትህ።»

«አፍህን ክፈት» አልኩት።

ኦቲሊያ ግን መዝገቡን አልዘጋችም። የአውሮፓ ገንዘብ ጉዳይ ስላለበት፣ አገራችንም ኅብረቱ ውስጥ ስትገባ የዚያን ፍርድ ቤት ቃል ልትቀበል ስለፈረመች፣ ሉክሰምበርግ ያለውን የአውሮፓ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል አለች። ቼዛርን ለማሳመን ሦስት እሑድ ፈጀባት። በሦስተኛው እሑድ የጎመን ጥቅልሉን እየጎረሰ፣ «እሺ፣ እንጠይቅ። መጠየቅ እስካሁን አልተከለከለም። እስኪመልሱልን እኔ ጡረታ እወጣለሁ» አለ። ጥያቄውን ኦቲሊያ ጻፈችው። እንዲህ ደስ ብሏት ስትሠራ ካየኋት ቆይቼ ነበር፤ ጠዋት ሻይዋን ቆማ እየጠጣች ታንጎራጉር ነበር።

መልሱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለ እሱ አወራ። ሉክሰምበርግ ያለው፣ እንዲህ ያለ አጭበርባሪ በጅምላ የሚያመልጥ ከሆነ የአገሩ ዳኛ የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ወደ ጎን ማድረግ አለበት፤ ይህን በማድረጉም ሊቀጣ አይገባም።

አባባ ቶአደርን በዓይኔ ያየኋቸው በዚያ ሰሞን ነው። እኔ ማን እንደሆኑ አላወቅሁም፤ እሳቸውም የማን ባል እንደሆንኩ አላወቁም። ክሊኒኩን ያከራየኝ ሐኪም ስም በሩ ላይ እንዳለ ነው፤ የእኔን አላስጻፍኩም። ፍሩሲና የምትባል ጎረቤታቸው ክንዳቸውን ይዛ እየገፋች አስገባቻቸው። ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች፤ ድምፅዋ ከበሩ ቀድሞ ነው የገባው።

«ዶክተር፣ ለዚህ ሰውዬ ጥርስ ያብጁለት። ችሎት ቆሞ ሲናገር ዳኞቹ የሚሰሙት ፉጨት ብቻ ነው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ» አሉ አባባ ቶአደር። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ለምን ዝም እላለሁ? የቀረህ አንድ ቀጠሮ ነው። ፕላቶን ሲታሰር ትስቃለህ። በባዶ ድድ ነው የምትስቀው?»

የፕላቶንን ስም ስሰማ እጄ መስተዋቱ ላይ ቀረ። የማን ባል እንደሆንኩ መናገር ነበረብኝ፤ ግን ምን ብዬ? ሰውየው አፋቸውን ከፍተው ነበር። ድዳቸው ቆስሏል፤ የቀሩት ጥርሶች ይነቃነቃሉ። መለካት ጀመርኩ።

ፍሩሲና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የእህቴ ልጅ ሉክሰምበርግ ሆስፒታል ያጸዳል። ፍርድ ቤቱን በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ፣ ወርቅ የመሰለ ፎቅ ነው አለኝ። የኛውን ይዩት! ሽንት ቤቱ ውኃ የለው፣ ዳኛው ቀልብ የለው።»

«ዳኛዋ ደህና ሴት ናት» አሉ አባባ ቶአደር፣ እጄ ከአፋቸው ሲወጣ። «እሷ ናት የጠየቀችልን። ቀና ብላ ነው የምታየኝ፤ ሌሎቹ ወረቀት ወረቀቱን ነው የሚያዩት።» ትንሽ አሰቡ። «እስቲ አስቡት ዶክተር። እዚያ ድረስ ስለ ኢሊንካ ሰሙ። በፈረንሳይኛ አነበቡት። ከየአገሩ የመጡ ዳኞች ቁጭ ብለው የኔን ልጅ ስም ጠሩ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብቻ አልኩ።

ሲወጡ ፍሩሲና በላስቲክ የጠቀለለችውን የበግ አይብ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። ተከትዬ ወጥቼ ልመልስላት ስል ተቆጣችኝ።

ማታ ኦቲሊያ ፊቴን ስታይ አወቀች። «ማን መጥቶ ነበር?» አለች፤ ወዲያው እጇን አነሣች። «አትንገረኝ። በምንም ዓይነት እንዳትነግረኝ።» አይቡን ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አየችው። በሩን ዘጋችው። ማናችንም አልበላነውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት መጥፎ ነበሩ። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት፣ ውሳኔዬ በአገሪቱ ያለን ዳኛ ሁሉ ያስገድዳል የሚል መግለጫ አወጣ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም፣ ሰውን ከኋላ በመጣ ሕግ አለመቅጣት የአገራችን የመብት ጥበቃ ነው፤ ሉክሰምበርግ ሊነካው አይችልም አለ። በሌላ ከተማ የሚሠራ የኦቲሊያ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሉክሰምበርግን ተከትሎ በአንድ የጉምሩክ ሹም ላይ ፈረደ፤ በወሩ በራሱ በዳኛው ላይ ምርመራ ተከፈተ። ደውሎላት ሲያወራ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። «ኦቲ፣ እነሱ እዚያ ሆነው አትቀጡት ይላሉ። እዚህ የሚቀጣኝ ግን የነሱን ወረቀት የሚያነብልኝ አይደለም።»

በዚያው ሳምንት እሑድ ቼዛር መጣ። የፕለም አረቄውን ቀድሞ ጨለጠና ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው።

«ሊቪ፣ ሁለት አማት ያላት ሴት አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኛ ነን። አንዷ ጨው ጨምሪ ትላለች፣ አንዷ ጨው ቀንሺ። ሁለቱም ኩሽናው የኔ ነው ይላሉ። ሾርባው ሲበላሽ ግን ጥፋቱ የምራቲቱ ነው።»

ኦቲሊያ አልሳቀችም። «ቼዛር፣ አንተ ምን ልትል ነው?»

«እዚህ ምግብ ላይ?»

«እዚህ ምግብ ላይ አይደለም፤ ልክ ነህ» አለችና ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች። ያልበላነውን ሁሉ ነው ያነሣችው።

እንቅልፍ አጣች። እራት ላይ ሹካዋን ይዛ ትረሳዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በመኪናው ውስጥ፣ በራችን ፊት፣ ሞተሩን አጥፍታ ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ አየኋት። በመስኮት እያየሁ ልውጣ አልውጣ ስል ራሷ ወጣች። ስለ መጨረሻው ውሳኔ ምንም አልነገረችኝም፤ መንገርም አልነበረባትም። እኔ በልቤ ሉክሰምበርግን እንደምትከተል እርግጠኛ ነበርኩ። ጥያቄውን የጻፈችው እሷ ናት። ፈሪው ደግሞ ቼዛር ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ዳኛ ትጨመራለች፤ ሩክሳንድራ የምትባል፣ ገና ከሥልጠና የወጣች ልጅ። እሷ ወዴት እንደምታዘነብል ማንም አያውቅም ነበር።

ፍርዱ የተነበበው ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ በሩ ተበርግዶ ፍሩሲና ገባች። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተራ ትጠብቅ ነበር፤ ፍሩሲና ግን ማንንም አላየችም። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ገልጬ አየሁት፤ የሠራሁላቸው ጥርስ ነው።

«ይውሰዱት። ቶአደር አይፈልገውም።»

«ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ይለኛል! ቤትዎ ይሂዱና ሚስትዎን ይጠይቋት። ዛሬ በረኛው ነው የነገረን፤ ዳኛዋ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ናት አለን። ቀድመን ብናውቅ ኖሮ የሰውየውን አፍ ለርስዎ አናስነካም ነበር።»

«ፍሩሲና፣ በናትሽ ተቀመጪ…»

«አልቀመጥም! ሽማግሌው ቼዛር፣ ሁላችንም ፈሪ የምንለው፣ እሱ ይታሰር አለ። እሷና ያቺ ልጅ ናቸው የዘጉት። ያቺ ቀና ብላ ታየኛለች ያላት! ዛሬም ቀና ብላ እያየችው ነው ያነበበችው። ፕላቶን ጠበቃውን አቅፎ ሳመው። ቶአደር ደግሞ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ‹ጨረሱ?› አለኝ። እንዳለቀ አልገባውም። አውቶቡስ ላይ ነው የገባው።»

እናትየዋ ልጇን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። ፍሩሲና ተከትላት ሄደች።

ቤት ስገባ ኦቲሊያ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። መብራት አላበራችም። እኔም አላበራሁም፤ ገና ቀን ነበር። ጥርሱን ከነመሐረቡ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

«ሰማህ» አለች።

«ሰማሁ። ለምን ኦቲ?»

«አንድ ነገር ልንገርህ። ሉክሰምበርግ ስለ ኢሊንካ አንድ ቃል አልተናገረም። ስሟ የለበትም። እነሱ የሚያገባቸው ስለ ገንዘባቸው ነው። የሞቷ ክስ በይርጋ የወደቀው ያኔ ነው፤ ሬዲዮኑን የሰማን ቀን። እኔ እንዳሉት ባደርግ ኖሮ ፕላቶን የሚታሰረው የአውሮፓን ብር በመብላቱ ነበር። ለልጅቷ አንድ ቀን አይታሰርም።»

«ሰውየው ይህን ያውቃሉ?»

«ዛሬ አነበብኩት። የገባቸው አይመስለኝም።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ቢሆንም መታሰሩ መታሰር ነው። ይህንንም አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳልኩት። ግን ዛሬ እኔ ለአባባ ቶአደር ስል፣ ውጤቱን ስለወደድኩት ብቻ፣ የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱን ቃል ከጣስኩ፣ ነገ ሌላው እሱ ለወደደው ነገር ይጥሰዋል። ያን ጊዜ እኔ ምን እለዋለሁ? ለሌባም ቢሆን ሕጉ ሕግ መሆን አለበት። ይህን አምናለሁ ሊቪ።»

«ካመንሽበት እንግዲህ…»

«ቆይ። አልጨረስኩም። ጓደኛዬ ላይ ምርመራ ሲከፈት ፈራሁ። ሥራዬን ባጣ ምን እንሆናለን ብዬ ፈራሁ። የቤቱ ዕዳ፣ ልጃችን ክሉዥ ዩኒቨርሲቲ… ፈራሁ። አሁን ደግሞ ያን ቀን ድምፅ ስንሰጥ እጄን ያነሣሁት በእምነቴ ይሁን በፍርሃቴ እኔ ራሴ ለይቼ አላውቀውም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚናገሩት። ቁጭ ብዬ ልለያቸው ስሞክር ነው የዋልኩት፤ አልቻልኩም።»

ካፖርቷን ከትከሻዋ ላይ አወለቅሁላት። ጥርሱን አላሳየኋትም።

በማግስቱ ፕሌሽካ በቅርቡ የጀመርኩለትን ሌላ ጥርስ ሊያስጨርስ መጣ። ትልቅ የወይን ጠጅ ቅርጫት ተሸክሞ ነበር። «ከኔ ነው፤ ከማንም አይደለም» አለ። «ባለቤትህ ትልቅ ሴት ናት። ሉክሰምበርግ ለሚያዘው ሁሉ አንሰግድም ያለች ዳኛ! እውነቴን ነው፤ እኔ እንኳ ይህን ከሷ አልጠበቅሁም ነበር።»

«ቅርጫቱን ወደ መኪናህ መልሰው» አልኩት።

«አትቆጣ እንጂ ሊቪዩ…»

«መልሰው አልኩህ። ከዚያ ና፤ ጥርስህን እጨርስልሃለሁ።»

መለሰው፣ መጣም። ጨረስኩለት። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም፤ ሰው የሚያደርገውን ማድረግ እንዴት እንደማያቆም ገርሞኝ ነው።

ቼዛር፣ ይታሰር ያለበትን የልዩነት ሐሳቡን ጽፎ፣ በጸደይ ጡረታ ወጣ። አንድ እሑድ መጥቶ፣ ኦቲሊያ ሾርባ ስትቀዳለት እጇን ያዛት።

«ኦቲ፣ እኔ ደፋር ሆኜ አይደለም። የሚወሰድብኝ ስለሌለ ነው። ጡረታዬ ተፈርሞ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቢሆንም የተፈረደው ያንተ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

«አንቺ ነሽ እኮ…»

«እኔ ነኝ። ብላ፣ ይበርድብሃል።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መምጣቱን ቀስ በቀስ ተወ። ፕላቶን ዛሬ በአጎራባች ወረዳ የስፖርት አዳራሽ እየሠራ ነው። ፖያና ሞሪ ላይ አዲስ ድልድይ አልተሠራም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከመንደሩ ራቅ ብሎ ባለ የባቡር ድልድይ ጠርዝ ነው። ወላጆቻቸው በተራ ይሸኟቸዋል።

የኢሊንካ ሰባተኛ ሙት ዓመት በጾም መያዣ ሰሞን ዋለ። በእኛ ዘንድ ከሰባተኛው በኋላ ተዝካር አይደረግም። ኦቲሊያ ቀኑን ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ «መኪናውን አንተ ትነዳልኛለህ?» አለችኝ።

«የት?»

«ፖያና ሞሪ።»

«ኦቲ፣ ይቅርብሽ። ድንጋይ ቢወረውሩብሽስ?»

«ይወርውሩ» አለች። እንዲወረውሩባት የፈለገች መሰለኝ።

ቅዳሴው አልቆ ሰዉ መቃብሩ ዙሪያ ቆሞ ሳለ ነበር የደረስነው። ብዙ ሰው አልነበረም። ቄሱ ያጥናሉ፤ ሴቶቹ ስኳር የተነሰነሰበትን የስንዴ ንፍሮ በላስቲክ ኩባያ እየቀዱ ላለው ሁሉ ያድላሉ። ፍሩሲና አየችን። ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ግን መቃብር ስለሆነ አፏን አልከፈተችም። ጀርባዋን ሰጠችን።

አባባ ቶአደር ከመስቀሉ ሥር ቆመው ኩባያውን ለመጣው ሁሉ በእጃቸው ይሰጡ ነበር። አጭር ሆነዋል። ኦቲሊያ ስትቀርብ አንድ ኩባያ ዘረጉላት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ከፖስታ ቤት ናችሁ?»

ኦቲሊያ ኩባያውን አልተቀበለችም። «አይደለም አባባ። እኔ ዳኛዋ ነኝ።»

«እህ?»

«የፍርድ ቤቱ ዳኛ ነኝ። መዝገቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ስድብ እጠብቅ ነበር፤ እሷን ለመከለል ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራምጄ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልመጣም። የጠፋባቸውን መልክ ለማስታወስ የሚሞክሩ ይመስሉ ነበር።

«የትኛዋ?» አሉ በመጨረሻ። «ብዙ ነበራችሁ።»

«የመጨረሻዋ።»

«እንግዲህ…» አሉ። ንፍሮው እጃቸው ላይ ነበር። ኦቲሊያ ስላልተቀበለች ከኋላዋ ላለችው ሴት ሰጧት፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ፣ ሴትየዋም «ነፍሷን ይማር» አለች። ከዚያ ፍሩሲና የሞላችውን ሌላ ኩባያ ተቀብለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ። ኦቲሊያ መንገድ ላይ ቆማ ስለነበር አንድ ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎ አለፋት።

ክንዷን ይዤ አወጣኋት። መኪናው ውስጥ ገብተን መንገዱን ስንጀምር አላለቀሰችም። ከመንደሩ ከወጣን በኋላ፣ «አላወቁኝም» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አውቀውኝ ቢሆን ኖሮም ያው ነበር» አለች። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ነዳሁ።

ሰኞ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ተነሥታ ፀጉሯን አሰረች። ችሎት ነበራት፤ በዚያ ቀን የሚታዩት መዝገቦች ብዙ እንደሆኑ ነገረችኝ። ካባዋን በክንዷ ላይ አጥፋ በር ላይ ቆመች።

«ከነሱ ስንቱ በይርጋ ይወድቃል?» አልኳት።

«አብዛኛው» አለችና ወጣች።